ናይትራይቱ አልወርድ ያለኝ አነስተኛ የጨው ውሃ የዓሣ ገንዳ

40 ሊትር በሚይዝ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ደረቅ ድንጋይና አሸዋ አስገብቼ፣ የውሃውን ሙቀት 26 ዲግሪ ላይ አድርጌ፣ ዓሣ ሳላስገባ፣ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ደግሞ ወደ ናይትሬት የሚለውጠው ባክቴሪያ እስኪራባ (ዑደት የሚባለው ሂደት እስኪጠናቀቅ) እየጠበቅሁ እገኛለሁ። ለባክቴሪያው ምግብነት በሊትር 2 ሚሊግራም ያህል እንዲሆን የጨመርኩት አሞኒያ በ12ኛው ቀን ወደ ዜሮ ቢወርድም፣ ናይትራይቱ ግን ዛሬ በ31ኛው ቀን እንኳ የመመርመሪያውን ፈሳሽ ደማቅ ሐምራዊ እያደረገ ከ5 ሚሊግራም ፈቀቅ አላለም። የተነነውን ውሃ ለሁለት ሳምንት በጨው ውሃ ስተካ ቆይቼ (ጨው እንደማይተን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው) የውሃው አንጻራዊ እፍጋት ከ1.025 ወደ 1.030 ወጥቶ ነበር፤ አሁን በንጹሕ ውሃ አስተካክዬዋለሁ። ናይትራይት በጨው ውሃ ውስጥ ዓሣን እምብዛም እንደማይጎዳ ባውቅም፣ የናይትሬቱን ንባብ ስለሚያዛባብኝ ዑደቱ የት እንደደረሰ መለየት አልቻልኩም። የባክቴሪያውን ሥራ ያዘገየው የጨው መብዛቱ ይሆን? ግማሹን ውሃ ብቀይር ይሻላል ወይስ ሳልነካው ልታገሥ? ልምዱ ያላችሁ ብትመክሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።