ለንደን ስቶክሆልም በረራው ስንት ሰዓት ነው? ቲኬቱ ግራ አጋባኝ

የቀበናዋ፦
ሰላም ወገኖች፣ የአክስቴ ልጅ ስቶክሆልም ወልዳ ለክርስትናው ልሄድ ነው፣ ቲኬት እያየሁ ሲሄድ ከሂትሮው በፈረንጅ 10:00 ተነስቶ 13:30 ይገባል ይላል፣ ሲመለስ ደግሞ 15:00 ተነስቶ 16:45 ለንደን ነው። እንዴት ነው ነገሩ፣ መሄጃው ሦስት ሰዓት ተኩል መመለሻው ሁለት ሰዓት እንኳን አይሞላም? መሃል ላይ ያርፋል እንዳልል ቀጥታ ነው ይላል። ርቀቱስ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ከስታንስቴድ የሚነሳ ረከስ ያለም አለ፣ የቱ ይሻለኛል?

ሶልና፦
የትም አያርፍም እህቴ። ቲኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው፣ እኛ ስዊድን ያለነው ከእናንተ በአንድ ሰዓት እንቀድማለን፣ በጋም ሆነ ክረምት ያው ነው ምክንያቱም ሁለቱም ሀገር መጋቢትና ጥቅምት ላይ ሰዓቱን በአንድ ቀን ነው የሚቀይሩት። ከመሄጃው አንድ ሰዓት ቀንሺ፣ መመለሻው ላይ አንድ ሰዓት ጨምሪ፣ 2:30 እና 2:45 ይመጣልሻል። ከሂትሮው አርላንዳ (የስቶክሆልም ዋናው ኤርፖርት) በአየር 1,460 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። እውነቱን ለመናገር አየር ላይ የምትቆዪው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ሌላው አውሮፕላኑ ሜዳው ላይ እየተንቀረፈፈ ተራ የሚጠብቅበት ነው፣ ሂትሮው ደግሞ ታውቂዋለሽ።

አቤል ዘ ፔካም፦
ያቺ የ15 ደቂቃ ልዩነት ደግሞ ነፋስ ናት። እዛ ከፍታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ወደ ምስራቅ ይነፍሳል፣ ስትሄጂ ከኋላ እየገፋ ይወስድሻል ስትመለሺ ፊት ለፊት ይገጥምሻል።
ኤርፖርቱን በተመለከተ ርካሹን ከመቁረጥሽ በፊት የት እንደሚያርፍ እዪ። አርላንዳ ከሆነ ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ነው፣ ፈጣኑ ባቡር 20 ደቂቃ ባይሞላም ኪስ ያራቁታል፣ አውቶቡስ ይበቃሻል። ስካቭስታ ወይም ቬስተሮስ ካለ ግን ስሙ ላይ ስቶክሆልም ብለው ቢለጥፉበትም 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይርቃል፣ ቲኬቱ ላይ ያተረፍሽውን አውቶቡሱ ይበላዋል። ስታንስቴድም ቢሆን የምትኖሪው ደቡብ ለንደን ከሆነ ለጠዋት በረራ በሌሊት መነሳት አለ።

ማማ ሊያ፦
ሁሉም ስለ ሰዓት ሲያወራ ዋናውን ረሳችሁት። ልጄ ፓስፖርትሽ የኢትዮጵያ ከሆነ የእንግሊዝ መኖሪያ ፈቃድ ብቻውን ስዊድን አያስገባሽም፣ የሸንገን ቪዛ ያስፈልግሻል፣ ቲኬት ቆርጠው ከበሩ የተመለሱ አውቃለሁ። ቀጠሮውም ቶሎ አይገኝም፣ ዛሬውኑ ጀምሪ። ሌላው፣ ለአራስ ብለሽ ቅቤ እንዳትይዢ፣ ከእንግሊዝ ወደዛ ሥጋና የወተት ውጤት ማስገባት ክልክል ነው። በርበሬና ሽሮ ችግር የለውም።

የቀበናዋ፦
እናንተ ተባረኩ 🙏 ፓስፖርቱ የእንግሊዝ ነው ማማ፣ እሱ አያሳስብም። ቅቤው ግን እማዬ ሁለት ጣሳ አንጥራ ጨርሳለች እኮ 😩 ማን ይነግራታል?
በመኪናስ ይሞከራል? ባለቤቴ ሻንጣው ሲበዛ አይቶ እንንዳው እያለ ነው።

አቤል ዘ ፔካም፦
መንገዱ 2,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ መኪና ጭኖ በባሕር ስር በሚያልፈው የቻናሉ ባቡር ፈረንሳይ ካሌ፣ ከዛ ቤልጂየም፣ ሆላንድ፣ ሀምቡርግ፣ ዴንማርክ፣ ከዛ በድልድዩ ማልሞ። ከማልሞ ስቶክሆልም ራሱ 600 ኪሎ ሜትር አለ። ድልድዮቹ ላይ ክፍያው ቀላል አይደለም፣ መንገድ ላይ ማደሪያም አለ። ቅቤው እንደሆነ በመኪናም አያልፍም 😂

ሶልና፦
ቅቤውን እማዬ ለንደን ትብላው። የስዊድን ቅቤ ሲነጠር አሪፍ ነው፣ አንቺ ኮረሪማና ኮሰረት ብቻ ያዢ፣ እሱ ነው እዚህ የሚጠፋው።