የጋራ ግድግዳ ስንጥቅ፦ ማንን ልመን?

ጥያቄ
ቤቴን በማሳደስ ላይ ሳለሁ ተቋራጩ በጋራ ግድግዳው ሥር ለአዲስ መሠረት ሲያስቆፍር፣ ጎረቤቴ በሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ማየታቸውን ነገሩኝ። ተቋራጩ ስንጥቁ የቆየ ነው ይላል፤ ቀያሹ ደግሞ ሥራው ወሰን መለካት ብቻ እንደሆነ ገለጸልኝ። ማንን ልመን?

መልስ 1
ቀያሹ ልክ ነው፤ ይህን መመርመር ያለበት የስትራክቸር መሐንዲስ ነው። የቆየ ስንጥቅ ውስጡ አቧራና የቀለም ቅሪት ሲይዝ፣ የአዲሱ ጠርዝ ግን ስለታምና ንጹሕ ነው። በስንጥቁ ላይ ስስ ጄሶ ለጥፈው ቀን ይጻፉበት፤ ጄሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው። እስከዚያው ቁፋሮው ይቁም።

መልስ 2
ከነባር መሠረት ሥር የሚቆፈረው 1 ሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው፣ ተራርቀው በሚገኙ ክፍሎች ሲሆን፣ አንዱ በኮንክሪት ተሞልቶ ሳይጠነክር አጠገቡ ያለው አይነካም። ተቋራጩ ዳር እስከ ዳር ከፍቶት ከሆነ ቀጣዩን ክፍያ ይያዙበት። እኔ ሥራ ሳይጀመር የጎረቤቴን ግድግዳ እሳቸው ባሉበት ፎቶ ባለማንሳቴ (ስንፍና ነበር) ብዙ ተጨቃጭቄአለሁ።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። ዛሬ ከጎረቤቴ ጋር በባትሪ ስናየው፣ ከላይ በኩል በስንጥቁ ውስጥ አሮጌ አረንጓዴ ቀለም አለ፤ የታችኛው አንድ ክንድ ያህል ግን ንጹሕ ነጭ ነው። መሐንዲሱ ነገ ይመጣል።