የሲልቨርስተን የመኪና ውድድር ሜዳ በጦርነቱ ዘመን ምን ይመስል ነበር?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። በእንግሊዝ የሚገኘውን የሲልቨርስተን የመኪና ውድድር ሜዳ ከሰማይ በተነሣ ፎቶግራፍ ስመለከት፣ ከመወዳደሪያው ጎዳና መሐል እርስ በርሳቸው የሚቋረጡ፣ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ የመንገድ ቅሪቶች አየሁ። ቦታው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጦር አውሮፕላን ማረፊያ እንደነበር ዐውቃለሁ፤ ሆኖም አንድ ማረፊያ ሦስት መንደርደሪያ ለምን እንዳስፈለገው፣ ኋላም እንዴት ለመኪና ውድድር እንደዋለ አልገባኝም። የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

ምላሽ 1፦
ምክንያቱ ነፋስ ነው። የዚያን ጊዜ ቦምብ ጣዮች ሦስተኛው ጎማቸው ከጅራታቸው ሥር ስለነበር፣ ነፋስ ከጎን ሲመታቸው አፍንጫቸውን ወደ ነፋሱ እያዞሩ ከመስመር ይወጡ ነበር። በመሆኑም የብሪታንያ የአየር ሚኒስቴር በጦርነቱ መሐል ባወጣው መለኪያ መሠረት አንድ ዋና መንደርደሪያ 1,830 ሜትር ያህል፣ ሁለቱ ረዳቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው 1,280 ሜትር ያህል ርዝመት ኖሯቸው ሦስት ማዕዘን እንዲሠሩ ይደረግ ነበር፤ ነፋሱ ከየትም ቢነሣ አብራሪው የሚስማማውን ይመርጣል። ጫፎቻቸውን የሚያገናኝ ዙሪያ መንገድም ነበር፤ አውሮፕላኖቹ የሚቆሙት በዚሁ መንገድ ዳር ተበታትነው ነው፤ አንድ ቦምብ ሁሉንም እንዳይፈጃቸው። ለጥያቄዎ ሁለተኛ ክፍል ቁልፉ ይህ ዙሪያ መንገድ ይመስለኛል።

ምላሽ 2፦
ከላይ በተባለው ላይ ልጨምር። ሲልቨርስተን እ.ኤ.አ. በ1943 ሥራ ሲጀምር የ17ኛው የተግባር ማሠልጠኛ ክፍል ሰፈር ሆነ፤ ሠልጣኞቹም ባለ ሁለት ሞተሩን ዌሊንግተን ያበሩ ነበር፤ የአሉሚኒየም ቅይጥ ፍርግርግ አካሉ በሸራ የተሸፈነ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ነው። ከጦርነቱ በኋላ የአገሪቱ አሽከርካሪዎች መወዳደሪያ አጥተው ነበር፤ ዝነኛው ብሩክላንድስ እ.ኤ.አ. በ1946 ለአውሮፕላን ፋብሪካ ተሸጦአልና። ስለዚህ የንጉሣዊው የአውቶሞቢል ክለብ ሲልቨርስተንን ተከራይቶ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 1948 ታላቁን ውድድር አካሄደ፤ ያሸነፈውም በማሴራቲ የተወዳደረው ጣሊያናዊው ሉዊጂ ቪሎሬሲ ነው። የዳር መከላከያው የገለባ እስር ነበር። የሚገርመው ግን፣ የዚያ ዓመቱ መስመር ከዙሪያ መንገዱ እየታጠፈ ወደ መንደርደሪያዎቹ ስለሚገባ፣ መኪኖች ከሁለት አቅጣጫ ወደ መሐል ፊት ለፊት ይመጡ ነበር፤ አሽከርካሪዎቹ እንዳይተያዩና እንዳይደናገጡ በመካከላቸው ሸራ ተዘረጋ። በዓመቱ መንደርደሪያዎቹ ቀርተው ዙሪያ መንገዱ ብቻ አገልግሎት ላይ ዋለ፤ የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮና የመጀመሪያ ውድድርም እ.ኤ.አ. ግንቦት 13 ቀን 1950 እዚያው ተካሄደ።

ምላሽ 3፦
መልካም ማብራሪያ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ላርም። እዚያ መወዳደር የተጀመረው በክለቡ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1947 ጥቂት ወዳጆች ያለማንም ፈቃድ ባዶውን ሜዳ ሲጋልቡበት አንዱ መኪና በግ ገጭቶ ገድሎአል፤ ውድድሩም ከዚያ ወዲህ በበጉ ስም ይጠራል። የመወዳደሪያው ክፍሎች ስሞችንም ልብ ይበሉ፤ አንዱ ቀጥ ያለ መንገድ «ሃንጋር» የተባለው አጠገቡ በነበሩት የአውሮፕላን መጠለያዎች ምክንያት ሲሆን፣ «ዌሊንግተን» የተባለው ደግሞ በቀድሞው መንደርደሪያ ላይ ያረፈ ነው። በፎቶግራፉ ላይ ያዩዋቸው ሌሎቹ ቅሪቶችም የእነዚያው መንደርደሪያዎች ኮንክሪት ናቸው።