«ጌጥ ነው» ላላችሁ፦ ስለ ሜታሊካና ስለ ሳን ፍራንሲስኮ ሲምፎኒ

ክር ቆጣሪ፦ ትናንት «ኤስ ኤንድ ኤም»፣ የሜታል ባንዱ ሜታሊካ ከሲምፎኒው ጋር መድረክ ላይ የቀረጸው አልበም፣ ሲነሳ ባለ ዲስቶርሽን የጻፈው ዝም ተብሎ መታለፍ የለበትም። «ኦርኬስትራው ጌጥ ነው፤ ቢያወጡት አልበሙ ምንም አይጎድልበትም» አለ። ምኑ ነው ጌጡ? ኤፕሪል 21 እና 22 ቀን 1999 አቀናባሪው ማይክል ኬመን በርክሌይ ላይ ሲምፎኒውን እየመራ ያቀረበው ከጀርባ የተሰቀለ መጋረጃ አይደለም። «ኖ ሊፍ ክሎቨር»ን ክፈተው። የሚጀምረው ኦርኬስትራው ነው፣ ባንዱ የሚገባው እሱ ባነጠፈለት ላይ ነው። አውጣውና መግቢያ የሌለው ዘፈን ይቀርሃል።

ባለ ዲስቶርሽን፦ ካልኩት ንቅንቅ አልልም። አንድ አዲስ ዘፈን ይዘህ ሁለት ሲዲ ሙሉ ልትከላከል አትችልም። «ባተሪ»ን ስማ፣ «ማስተር ኦፍ ፐፐትስ»ን ስማ። ሁለት ጊታር በዲስቶርሽን፣ ማለትም ድምፁ ሆን ተብሎ እንዲሻክር ተደርጎ፣ ሲጮህ ከወፍራሙ 100 ኸርዝ ጀምሮ እስከ ቀጭኑ 4 እና 5 ሺህ ኸርዝ ድረስ ያለውን ቦታ ይሞላዋል። ከቫዮሊን የሚወፍሩት ቪዮላና ቼሎ የሚኖሩት እዚያው ውስጥ ነው። የሚተርፈው ብራሱ (የነሐስ መነፊያዎቹ) እና የቫዮሊኑ የላይኛው ጫፍ ነው። ጆሮ የማይለየው ነገር ጌጥ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ጋሽ ሐሞንድ፦ ልጆች፣ ነገሩ በ1999 አልተጀመረም። የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ዲፕ ፐርፕል ሴፕቴምበር 24 ቀን 1969 ለንደን፣ ሮያል አልበርት አዳራሽ፣ ከሮያል ፊልሃርሞኒክ ጋር ሲጫወት መሪው ማልኮም አርኖልድ ነበር። የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ጆን ሎርድ ባለቀ ዘፈን ላይ ቫዮሊን አልደረበም። ሦስት ክፍል ያለው አዲስ ድርሰት ነው የጻፈው፣ በመጀመሪያው ክፍል ባንዱና ኦርኬስትራው ይፋለማሉ። ባለቀ ዘፈን ላይ ስትደርብ ግን ኦርኬስትራው የሚያገኘው የተረፈውን ክፍተት ብቻ ነው። «ጌጥ» የሚለው ቃል ቢከብድም ጥያቄው ከዚህ የመጣ ነው።

ባለ ዲስቶርሽን፦ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና ዲፕ ፐርፕል ሜታል አይደለም።

ጋሽ ሐሞንድ፦ የ1970ውን «ኢን ሮክ» አልበማቸውን ከዳር እስከ ዳር የሰማ ሰው ይህን አይልም ልጄ።

ማይክ ያዥ፦ ወደ በርክሌይ እንመለስ። እናንተ ሚክሱን (የተቀረጹትን ድምፆች ማመጣጠኑን) እና ቅንብሩን አንድ አድርጋችሁ ነው የምትከራከሩት። ድራም መድረክ ላይ ከ110 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል፤ አንድ ቫዮሊን ከቅርብ 85 ወይም 90 ነው። ማይክ ከላይ ብትሰቅል የምትቀርጸው ሲምባል፣ የድራሙን ሳህን፣ ነው። ስለዚህ እንዲህ ባለ መድረክ ማይኩ በየመሣሪያው ላይ፣ ከክሩ ጥቂት ሴንቲሜትር ርቆ ይቆነጠጣል። የቫዮሊን ድምፅ ደግሞ ከእንጨቱ ሁሉ ወጥቶ አየር ላይ ሲዋሃድ ነው የሚሞላው። ከቅርብ ሲያዝ የቀስቱ ፍጭት ይበዛል፣ ድምፁ ይቀጥናል።

ሌላው ርቀት ነው። የብራሱ ማይክ ከድራሙ 10 ሜትር ቢርቅ የስኔሩ (ጠንከር ብሎ የሚመታው የድራሙ ከበሮ) ምት 29 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ይገባበታል። በደቂቃ 200 ምት በሚሄድ ዘፈን ግማሽ ምት 150 ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ፣ መዘግየቱ የዚያ አንድ አምስተኛ ነው። ማይኩን ከፍ ባደረግህ ቁጥር ስኔሩ ሁለቴ የተመታ ይመስላል። ሚክስ የሚያደርገው ሰው ምን ያደርጋል? ኦርኬስትራውን ዝቅ ያደርገዋል። አንተ «ጌጥ» ያልከው ይህ ዝቅ ማለት ነው፤ ኬመን የጻፈው ኖታ ሌላ ነው።

ክር ቆጣሪ፦ ማንም የማያነሳው ደግሞ ቅኝቱ ነው። ባንዱ በዚያን ዘመን መድረክ ላይ ጊታሩን በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ነው የሚቃኘው። ኢ ማይነር የነበረው ኢ ፍላት ማይነር ይሆናል፣ ስድስት ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ኖታ) ያለበት። የቫዮሊን ባዶ ክሮች ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ ናቸው፤ ከአራቱ አንዱም እዚያ ስኬል ውስጥ የለም! ባዶ ክር የሚሰጠው ማስተጋባት ይቀራል፣ እያንዳንዱ ኖታ በጣት ይያዛል፣ ያውም በዚያ ፍጥነት። ይህን ተሸክመው ያን ያህል ጥርት አድርገው የተጫወቱትን ሰዎች ነው ጌጥ የምትላቸው።

ባለ ዲስቶርሽን፦ ድካማቸውን አልካድኩም። የማይመች ቅኝት፣ የሚቀጥን ማይክ፣ ዝቅ የተደረገ ሚክስ እያላችሁ የኔኑ ሐሳብ እየጻፋችሁልኝ ነው። የሚሰማው ውጤቱ ነው።

ቼሎ ወዳድ፦ ውጤቱን ካልክ «ዘ ኮል ኦፍ ክቱሉ»ን ለምን ዘለልከው? ዘፋኝ የለበትም፣ ክፍተቱ ሰፊ ነው፣ ብራሱ ገብቶ ሲያብጥ የ1984ቱ ቅጂ ከጎኑ ያንሳል። በ2001 በሮክ የመሣሪያ ሙዚቃ ግራሚ ያገኘው ይኸው የበርክሌይ ቅጂ ነው። «ናቲንግ ኤልስ ማተርስ»ንም ጨምርበት። ኬመን ኦርኬስትራውን ለ1991ዱ አልበም ጽፎት ነበር፣ እዚያ ሚክሱ ውስጥ ቀበሩት። በኋላ ኤሌክትሪክ ጊታሩን አውጥተው ኦርኬስትራውንና ድምፁን ያስቀደመ ቅጂ በሲንግል ሲያወጡ ዘፈኑ በሁለት እግሩ ቆመ። ጌጥ ብቻውን ይቆማል?

ማይክ ያዥ፦ ባንዱና ሲምፎኒው ዳግም የተገናኙበትን የ2019ኙንም ስሙ፣ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ቼዝ ሴንተር አዳራሽ። የሲምፎኒው ዋና ባስ ተጫዋች ስኮት ፒንጌል የቀድሞውን የሜታሊካ ባስ ተጫዋች የክሊፍ በርተንን ሶሎ ተጫወተው። ክሮቹም ከ1999 ይልቅ ተለይተው ይሰማሉ።

ባለ ዲስቶርሽን፦ ስለ በርክሌይ እየተነጋገርን 2019ን አታምጡብኝ። ዘገምተኞቹን ዘፈኖች ውሰዱ፣ ሰጠኋችሁ። «ባተሪ» ላይ ቪዮላው የት እንዳለ በደቂቃና በሰከንድ ጻፉልኝ።

ክር ቆጣሪ፦ እጽፍልሃለሁ። መጀመሪያ ግን ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጥና በጆሮ ማዳመጫ ስማው፤ በስልክ ስፒከር ከሰማኸው አንከራከርም።