ሐዋሳ ውስጥ ብስክሌት እቤት ለመገጣጠም፦ የቱን ሥራ ለማን ልስጥ? የቱን ዕቃ ከየት ልግዛ?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ እሠራለሁ፤ የምኖረው አቶቴ አካባቢ ነው። ያገለገለ የብስክሌት ፍሬም በደህና ዋጋ አግኝቻለሁ። የቀረውን ዕቃ ለየብቻ ገዝቼ እቤት ልገጣጥመው አስባለሁ። ከየት ልግዛ? እጄ የማይችለውን ሥራ ለማን ልስጥ? ወይስ ልቤን ልቁረጥና አዲሱን ልግዛ?»

ወንድሜ፣ ገጣጥመው። ሐዋሳ ሜዳ ናት። ታቦርን ወይም አላሙራን ልውጣ ካላልክ በስተቀር ጉልበት የሚፈትን ዳገት የለባትም። በቁመትህ ልክ የተገጣጠመና ጎማው ወፈር ያለ ብስክሌት ዋናውን አስፋልትም የውስጥ ለውስጡን ኮብልስቶንም ይችለዋል። እኔ እስከ ዛሬ ሦስት ገጣጥሜአለሁ። አንዱ የየዕለት መጓጓዣዬ ነው፤ አንዱን ለእህቴ ልጅ ሰጥቻለሁ፤ የመጀመሪያው ግን ገና ሳይነዳ ተበላሽቶ ቀርቷል። የምነግርህን ሁሉ ያስተማረኝ ያ የተበላሸው ነው።

ብዙ ሰው የሚፈራው ርካሽ ዕቃ እንዳይገጥመው ነው። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው፤ ሥራውን የሚያበላሸው እርስ በርስ የማይዛመድ ዕቃ ነው። ሁለት ጥሩ ዕቃዎች ልካቸው ካልገጠመ ከአንድ መናኛ ዕቃ የባሰ ጣጣ ያመጣሉ። ስለዚህ ገንዘብህን ከጎማም ከማርሽም በፊት ካሊፐር (ስፋትና ውፍረት በሚሊሜትር የሚለካ መሣሪያ) ላይ አውጣ። የፕላስቲኩም ቢሆን ይበቃል። ሱቅ ስትሄድ ካሊፐሩን ኪስህ ውስጥ፣ የለካኸውን ቁጥር ደግሞ ወረቀት ላይ ይዘህ ሂድ። «ለሁሉም ይሆናል» የሚል ሻጭ ሲያጋጥምህ ለካና አረጋግጥ።

የመጀመሪያው ፍሬሜ ከአንድ ጡረተኛ የገዛሁት አሮጌ የእንግሊዝ ብስክሌት ነበር። ከመሪው በታች ባለው ቱቦ ግንባር ላይ ሦስት ጠመንጃዎች ተደጋግፈው የቆሙበት አርማ ነበረው። የቢ.ኤስ.ኤ. አርማ ነው። ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ1861 ያቋቋሙት የበርሚንግሃም ጠመንጃ ሠሪዎች ናቸው። ጠመንጃን አንድ በአንድ በእጅ እየሞረዱ ከመሥራት ይልቅ በማሽን ለመሥራት ተነሡ፤ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1880 ወደ ብስክሌት ሥራ ገቡ። ይህን የማወራው ለታሪክ ብዬ አይደለም። የፔዳሎቹ ዘንግ የሚያልፍበት፣ ከፍሬሙ ግርጌ ያለው አጭር ቱቦ (እኛ የፔዳል ቤት እንበለው) ዛሬም በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ልክ በእነርሱ ስም ይጠራል፦ 1.37 ኢንች ስፋት፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 24 የብሎን ጥርስ። የቱቦው ርዝመት በአብዛኛው 68 ሚሊሜትር ነው፤ በአንዳንድ የተራራ ብስክሌት ላይ 73 ይሆናል። አንተ ያገኘኸውም ፍሬም ከዚሁ ወገን የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ለካው።

አሁን ልብ በል። በዚህ ልክ የተሠራ የፔዳል ቤት በሰንሰለቱ በኩል፣ ማለትም በቀኙ በኩል ያለው ክዳን ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው። ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ይፈታል። የግራው ፔዳልም እንደዚሁ ነው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር፤ ፍሬሜን የሰጠሁት ጠጋኝም አላወቀም። ክዳኑን እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ለመፍታት ታገለ። እምቢ ሲለው ቁልፉ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቶ በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያም ክዳኑ እንደ ቅቤ ለስልሶ መዞር ጀመረ። ሲያወጣው ከቱቦው ውስጥ የሚያብለጨልጭ ቀጭን የብረት ክር ተጠቅልሎ መሬት ላይ ወደቀ። ያ ክር ጥርሱ ነበር። ቶርኖ ቤት ወስጄ አሳየሁት፤ ባለሙያው በጣቱ ዳሰሰና «ቱቦው ቀጭን ነው፤ እንደገና ባወጣለት አይዝም» ብሎ መለሰልኝ። ስልሳ ዓመት ያለፈው ፍሬም በአንድ ከሰዓት ተበላሸ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ለማንም ጠጋኝ ሥራ ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ «የግራውን ፔዳል በየት በኩል አዙረህ ነው የምትፈታው?» ሳያመነታ «ወደ ቀኝ» ያለኝን ሰው እጁን አምነዋለሁ። ይህን ጥያቄ አንተም ያዘው፤ ከማንኛውም የሱቅ ስም ይልቅ ይጠቅምሃል።

ወደ ባለሙያዎቹ ልምጣ። ሁሉንም ሥራ ለአንድ ሰው አትስጥ።

ለቸርኬ ማስተካከል የመንገድ ዳር ጠጋኞችን የሚያህል የለም። መናኸሪያና አሮጌው ገበያ አካባቢ ዛፍ ጥላ ሥር ከሚሠሩት መካከል እኔ የምሄድባቸው ሽማግሌ አሉ። ብስክሌቱን ገልብጠው በመሪውና በመቀመጫው ያቆሙታል፤ ቸርኬውን በጣታቸው ያሽከረክሩና ጠመኔ ከፍሬኑ አጠገብ አስደግፈው ይይዛሉ። ቸርኬው የወጣበት ቦታ ብቻ ነጭ ምልክት ይዞ ይመለሳል። ከዚያ ሽቦዎቹን እንደ ክራር ክር አንድ በአንድ ነካ እያደረጉ ያዳምጣሉ። ድምፁ የወፈረውን፣ ማለትም የላላውን፣ ሩብ ዙር ያህል ብቻ ያጠብቁታል፤ ተቃራኒውን ደግሞ ያህሉን ያላሉታል። ሩብ ዙር! በአንድ ጊዜ ሙሉ ዙር የሚያዞር ሰው ካየህ ቸርኬህን ተቀብለህ ሂድ። ካላማዳሪ መለጠፍና የፍሬን ሽቦ መቀየርም ለእነርሱ የሚሰጥ ነው። የማልሰጣቸው የፔዳል ቤቱንና የማርሹን ሥራ ነው፤ እነዚህ ልዩ መፍቻ ስለሚፈልጉ፣ መፍቻው የሌለው ሰው በመዶሻና በጩቤ ብረት ይሞክራል።

ፒያሳ አካባቢ አዲስ ብስክሌት የሚሸጡት ሱቆች ዕቃቸው ደህና ነው፤ ከማሸጊያው ያልወጣ ዕቃ ታገኛለህ፤ ካልገጠመህም ሳታቆሽሸው ከመለስክ አብዛኛዎቹ ይቀይሩልሃል። እዚያው እንገጣጥምልህ ሲሉህ ግን አመስግነህ ውጣ። ከካርቶን አውጥተው በችኮላ የሚያሥሩት ብስክሌት መሪው ጠማማ፣ ሞዞው (ቸርኬው የሚሽከረከርበት መሐሉ) ያለ ልክ የጠበቀ ሆኖ በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

ቅባትና የኩሽኔታ ኳስ ከብስክሌት ሱቅ አትግዛ። የባጃጅና የሞተር መለዋወጫ የሚሸጡት ዘንድ ሂድ። ለመኪና ጎማ ኩሽኔታ የሚሆነው ግሪስ ለብስክሌትም በደንብ ይሆናል፤ አንዱ ቆርቆሮ ለዓመታት ይበቃሃል። የብረት ኳሶቹን በልክ ጠይቅ፦ ለፔዳል ቤትና ለኋላ ሞዞ 1/4 ኢንች፣ ለፊት ሞዞ በአብዛኛው 3/16 ኢንች። የኋላው ሞዞ በእያንዳንዱ ጎን 9፣ የፊቱ 10፣ የፔዳል ቤቱ ደግሞ 11 ኳስ ይይዛል። አሮጌና አዲስ ኳስ አትቀላቅል፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቀይር።

ቶርኖ ቤትና ብየዳ ቤት የመጨረሻ መጠጊያ ናቸው። ዝገት ይዞት አልወጣም ያለ የመቀመጫ ዘንግ ካለህ ወደ እነርሱ ውሰደው። የተሰነጠቀ የብረት ፍሬምም በጥሩ በያጅ እጅ ይድናል። ማግኔት የማይዘው ፍሬም ከሆነ ግን አልሙኒየም ነውና በተራ ብየዳ አታስነካው፤ ተበየደ ቢባል እንኳ ከብየዳው አጠገብ ይሰበራል፤ የሚሰበረውም አንተ ላዩ ላይ እያለህ ነው።

ያገለገለ ዕቃ ለሚፈልግ ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት፤ ጠዋት ሄዶ ከሰዓት መመለስ ይቻላል። አዲስ አበባ የሚሄድ ዘመድ ካለህ ደግሞ መርካቶ ምናለሽ ተራ ውስጥ ከውጭ የመጣ ያገለገለ ሞዞና የፔዳል ክንድ ይገኛል። ለሌላ ሰው ስታዝዝ ቁጥሩን ጽፈህ፣ አሮጌውን ዕቃ ፎቶ አንሥተህ ላክ፤ «ለባለ 26» ብቻ ብለህ አትላክ።

ስለ ዕቃዎቹ። ማርሽ ከቻልክ ሺማኖ ይሁን። ትልቁን ዓይነት አልልህም፤ ቱርኒ የሚባለው መነሻው ይበቃሃል። የምመርጠው ለስሙ አይደለም፦ ባለ 6፣ ባለ 7 እና ባለ 8 ማርሽ የተራራ ብስክሌት የኋላ ማርሽ ቀያሪዎቹ ሽቦው ሲሳብ የሚንቀሳቀሱት በአንድ ልክ ስለሆነ፣ አንዱ ሲበላሽ ከሌላው ወስደህ መተካት ትችላለህ። ለሐዋሳ ሜዳ ከፊት አንድ ማርሽ፣ ከኋላ ሰባት ከበቂም በላይ ነው። ከፊት ሦስት ማርሽ ማድረግ ሽቦና ጣጣ መጨመር ነው። ለሰንሰለት ኬ.ኤም.ሲ. እመርጣለሁ፤ እያንዳንዱ ቅንጣት ላይ ስሙ ተቀርጾበታል፤ ጽሑፉ ጥርት ብሎ ካልተነበበ አትቀበል። ለጎማ ኬንዳ ጥሩ ነው። ስፋቱ ከ1.75 እስከ 2 ኢንች ያለውን፣ መሐሉ ለስለስ ያለውን ያዝ፤ ጉብታው የበዛው ለጭቃ እንጂ ለአስፋልት አይሆንም፣ እግር ይበላል። ኮርቻ፣ ደወልና ፓራፋንጎ ከየትም ግዛ፣ ልዩነት የለውም።

ሰንሰለት ላይ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀባ ሰው ብዙ ነው። እባክህ አታድርገው። ውስጡ የብረት ብናኝ አለው፤ የበጋውን አቧራ ሲጨምርበት ሰንሰለቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። የስፌት መኪና ዘይት በየቅንጣቱ አንድ ጠብታ አድርግና፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ላዩን በጨርቅ ጥርግ አድርገህ አውልቀው። ዘይቱ የሚፈለገው ውስጥ ነው።

ገጣጥመህ ስትጨርስ ችግር መምጣቱ አይቀርም። በጣም የሚያስቸግረው ስትጫነው ሰንሰለቱ የሚያመልጥ ሲሆን ነው። የሁለተኛው ብስክሌቴ አዲስ ሰንሰለት ገዝቼለት ሳለ በየመንገዱ እየዘለለ ጉልበቴን ከመሪው ጋር ያጋጨኝ ነበር። ማርሽ ቀያሪውን ስፈታና ሳሥር ሁለት ሳምንት ከረምኩ። ጥፋቱ እዚያ አልነበረም። አሮጌው ፒኞን (ከኋላ ቸርኬ ላይ ሰንሰለቱ የሚያርፍበት ባለ ጥርስ ብረት) ከአሮጌው ሰንሰለት ጋር አብሮ አልቆ፣ ጥርሶቹ እንደ ዓሣ መንጠቆ ወደ አንድ ጎን ተቆልምመው ነበር፤ አዲሱ ሰንሰለት ሊቀመጥባቸው አልቻለም። አሁን በማስመሪያ እለካለሁ፦ ጤነኛ ሰንሰለት ከአንዱ ፒን መሐል ከእርሱ ቀጥሎ እስከሚቆጠረው 24ኛው ፒን መሐል ልክ 12 ኢንች ነው። በ1/16 ኢንች ከረዘመ ሰንሰለቱን ብቻ ቀይር። 1/8 ኢንች ከደረሰ ፒኞኑም አብሮ መቀየር አለበት።

ሰንሰለቱ ሳያልቅ ማርሹ በራሱ የሚቀያየር ከሆነ፣ ካቻቢቴ ከማንሣትህ በፊት ከብስክሌቱ ኋላ ቁጭ ብለህ ማርሽ ቀያሪው የተንጠለጠለባትን ትንሽ ብረት ተመልከት። ከፒኞኑ ጋር ቀጥ ብላ ካልቆመች ተጣምማለች፤ በቀኝ ጎኑ የወደቀ ብስክሌት ብዙ ጊዜ ይህን ያመጣል። እርሷ ሳትቃና የሽቦውን ልክ ማስተካከል ድካም ነው። ሲጢጥ ለሚል ድምፅ ደግሞ ሁሉም ሰው የፔዳል ቤቱን ይወነጅላል፤ ቆመህ ስትነዳ ከጠፋ ግን ጥፋቱ የመቀመጫው ዘንግ ነው። አውጣውና ቱቦውንም ዘንጉንም ጠርገህ ስስ ግሪስ ቀብተህ መልሰው።

ከአዳማ የጠየቁን ጋሼ፣ የእርስዎ ጉዳይ ከዚሁ ጋር የሚሄድ ስለሆነ እዚሁ ልመልስልዎ። «28 ኢንች ጎማ ገዝቼ ቸርኬው ላይ አልገባም አለኝ፤ ሻጩ ሰጥቶ አታለለኝ» ብለዋል። ሻጩ ያታለለዎት አይመስለኝም። 28 የሚባል ጎማ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። የድሮው የቻይናና የህንድ ከባድ ብስክሌት 28 ቸርኬው ጎማው በሚያርፍበት ላይ 635 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የአሁኑ ቀጫጭን ብስክሌት 28 ደግሞ 622 ነው። ላዩ ላይ የተጻፈው ኢንች አንድ ቢሆንም የ13 ሚሊሜትር ልዩነት አለ፤ በጉልበት የሚገባ አይደለም። በጎማው ጎን ላይ በትንሹ የታተመ፣ መሐሉ ሰረዝ ያለው ቁጥር ይፈልጉ፤ ከሰረዙ በኋላ ያለው ሦስት አኃዝ እውነተኛው ልክ ነው። በአሮጌው ጎማዎ ላይ 635 ካዩ አዲሱም 635 ይሁን። ለተራራ ብስክሌት 26 እንዲሁ የተለመደው 559 ነው።

ወንድሜ፣ አንተ ደግሞ ነገ ፍሬምህን የመቀመጫውን ቱቦ ውስጡን ለካና ቁጥሩን ጻፍልኝ። 27.2 ሚሊሜትር ከሆነ ምንም ያልተጫረ ዘንግ ሣጥኔ ውስጥ አለ፤ አቶቴ አደባባይ ድረስ ይዤልህ እመጣለሁ።