የዋጋ ጣሪያ ወይስ የጥራት ቁጥጥር?

ባለሱቅ፦ ወገኖች፣ በ2003 መንግሥት በዘይት፣ በስኳርና በሌሎች ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ሲያወጣ ዕቃው ከመደርደሪያዬ ጠፋ። አከፋፋዩ ራሱ ከጣሪያው በላይ ጠየቀኝ። እንዴት ልሽጥ? ከወራት በኋላ አብዛኛው ጣሪያ ተነሳ። ታዲያ ቁጥጥር ጭራሽ ይቅር?

የልጆች እናት፦ ኧረ አይቅር ወንድሜ! በቀደም የገዛሁትን በርበሬ ውሃ ውስጥ ብጨምረው የሸክላ ዱቄት ከሥር ዘቀጠ። ልጆቼ በልተውታል እኮ! እኔ ቤት ላቦራቶሪ የለኝም። ይሄን መፈተሽ የመንግሥት ሥራ ነው።

ሸማች፦ እውነቷን ነው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 የወጣው ለዚህ ነው። ችግሩ ተቆጣጣሪው ሱቅ ያሽጋል፣ በርበሬ የሚፈጨው መጋዘን ግን አይደርስም።

ባለሱቅ፦ እህቴ፣ ልጆችሽን እግዜር ይማርልሽ። ሚዛኔንም በርበሬዬንም መጥተው ይፈትሹ። ዋጋውን ግን ከአከፋፋዩ ሳይጀምሩ እኔ ላይ አይጫኑ።