ሐምሌት የአባቱን መንፈስ ካየ በኋላ «ከዚያ አገር የተመለሰ የለም» የሚለው ለምንድነው?

የጅረን ልጅ
ሰላም ናችሁ? እዚህ ጅማ ጥቂት ሆነን ቡና እየጠጣን የሼክስፒርን ተውኔት ሐምሌትን በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም እያነበብን ነው። ሦስተኛው ገቢር ላይ ስንደርስ ተጨቃጨቅን። ልዑሉ ሐምሌት መኖርና አለመኖርን እያመዛዘነ ከራሱ ጋር ሲሟገት፣ ሰው ይህን ሁሉ ግፍ ችሎ የሚኖረው ከሞት በኋላ ያለውን ስለሚፈራ ነው፣ ከዚያ አገር የተመለሰ መንገደኛ የለም ይላል። እሺ፣ የአባቱ መንፈስስ? በመጀመሪያው ገቢር መጥቶ አዋርቶት የለ እንዴ! ሼክስፒር ረስቶት ነው?

አዌቱ ማዶ
ኧረ አልረሳም። መንፈሱ መጣ እንጂ ምን ነገረው? ቀን በእሳት እየተቀጣሁ ነው፣ የእስር ቤቴን ምስጢር ግን እንዳልናገር ተከልክያለሁ አለው። ቢናገር የልጁ ደም እንደሚረጋ ነግሮት ሄደ። ፍርሃት ጨመረበት እንጂ እውቀት አልጨመረለትም። ደግሞ ሐምሌት ራሱ ሁለተኛው ገቢር መጨረሻ ላይ፣ ሰይጣን የአባቴን መልክ ይዞ እያሳሳተኝ ቢሆንስ ይላል። አባትህን ገደለው ብሎ መንፈሱ የነገረውን አጎቱን በተውኔት የሚፈትነው ለዚህ ነው።

ቡና ጠጪዋ
ልክ ነህ፣ ግን ዋናውን ዘለልከው። ልጁ የት ነው የተማረው? ዊተንበርግ! የፕሮቴስታንት እንቅስቃሴን የጀመረው ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1517 በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ላይ ተቃውሞውን ያነሳበት ከተማ። ፕሮቴስታንቶች ደግሞ ነፍስ ከሞት በኋላ በእሳት የምትነጻበት ቦታ አለ የሚለውን የካቶሊክ ትምህርት አይቀበሉም። መንፈሱ የሚያወራው ልክ ከዚያ ቦታ እንደመጣ ነው። የተማረው ሌላ፣ ያየው ሌላ፤ ምን ይመን? የኔ አያት ስለ በርዘኽ (በእስልምና ነፍስ ከሞት በኋላ እስከ ትንሣኤ ስለምትቆይበት) ስታወራ ትናንት ደርሳ የመጣች ነው የምትመስለው። ሐምሌት የእሷ ልጅ ቢሆን ያ ሁሉ ንግግር አይኖርም ነበር።

ስም የለሽ
እኔ በሃይማኖቱ አልስማማም። እዚያው ሦስተኛው ገቢር ውስጥ አጎቱን ተንበርክኮ ሲጸልይ ያገኘውና አሁን ብገድለው ነፍሱ ገነት ትገባለች ብሎ ይተወዋል። ትንሽ ቀደም ብሎ «የማይታወቅ አገር» ሲል የነበረ ሰው አሁን ካርታው በእጁ ነው! የራሱ ሞት ሲሆን ጨለማ፣ የጠላቱ ሲሆን ጥርት ያለ መንገድ። (ንጉሡ፣ ማለትም አጎቱ፣ ደግሞ ጸሎቱ አልሰምር ብሎት ነበር።) ፍርሃቱም ቢሆን ከሉተር በጣም ይቀድማል፤ የግሪኩ ጸሐፌ ተውኔት ዩሪፒደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ428 ባቀረበው ሂፖሊተስ በተባለው ተውኔት ውስጥ የንግሥቲቱ ሞግዚት ሰው ይህን ሕይወት የሙጥኝ የሚለው ሌላ ስለማያውቅና ከምድር በታች ያለው ስላልተገለጠለት ነው ትላለች። ይህን የምትለው አንዲት አገልጋይ ናት። ዩኒቨርሲቲ አልገባች፣ መንፈስ አላየች።

ቡና ጠጪዋ
የሞግዚቷን ወድጄዋለሁ። ግን አጎቱን የተወው እውነት ለነፍሱ መድረሻ ተጨንቆ ነው? ላለመግደል ሰበብ ሲፈልግ ነው እንጂ!

የጅረን ልጅ
እኛም የተጨቃጨቅነው እኮ እዚህ ላይ ነው። ለሚቀጥለው ቡና ሂፖሊተስን ያለው ሰው ያውሰን።